በአሮጌ ፒካፕ ላይ ሞተር ሲቀየር የሚስማማ የሞተር ሱፖርት ስለማግኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሞተር ለመቀየር የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ሞተሩን ስለማግኘት ነው። ሞተሩ ተገኝቶ ኮፋኖው ተነቅሎ በሰንሰለት ሲንጠለጠል ግን ጥያቄው ሌላ ይሆናል፦ ይህ ሁሉ ብረት ምን ላይ ይቀመጥ? ከታች ያሉት መልሶች ሻንሲ ያላቸውን፣ ሞተራቸው ቁመቱን ይዞ የተቀመጠና የኋላ ጎማ ወይም አራቱንም ጎማ የሚነዱ አሮጌ ፒካፖችን ይመለከታሉ።

ሱፖርት ሲባል የትኛው ዕቃ ነው?

ሦስት ነገር ተደራርቦ ነው ሱፖርት የሚባለው። ከሞተሩ ብሎክ ጎን በብሎን የሚታሰር ብራኬት አለ። ከሥሩ ጎማው ይመጣል። ከጎማው ሥር ደግሞ ሻንሲው ላይ የተበየደ ወይም የታሰረ መቀመጫ አለ። ሻጭ «የሞተር ጎማ አለኝ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ መካከለኛውን ብቻ ማለቱ ነው፤ ሞተር ለሚቀይር ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚቸግረው ብራኬቱ ወይም መቀመጫው ነው። ስለዚህ ዕቃ ከመጠየቅዎ በፊት ከሦስቱ የትኛው እንደጎደለዎት ይለዩ።

አብዛኛው ፒካፕ ሞተሩን በሦስት ነጥብ ይሸከማል፦ ሁለቱ በግራና በቀኝ፣ አንዱ በካምቢዮው ጭራ ሥር። ሦስተኛውን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው፤ ጣጣው ግን ብዙ ነው፤ ወደፊት እመለስበታለሁ።

ሱፖርቱን መቼ ልግዛ? ሞተሩን ከመግዛቴ በፊት ባዘጋጀው አይሻልም?

አይሻልም። ሞተሩ የት እንደሚቀመጥ የሚወስኑት ሌሎች ዕቃዎች ናቸው። የዘይት ኮፓው ሻንሲውን ከሚያቋርጠው ብረት ጋር እንዳይጋጭ፣ የጭስ ማኒፎልዱ የመሪውን ዘንግ እንዳይነካ፣ ፋኑ ራዲያተሩን እንዳይበላ፣ የቴስታታው ጀርባ ጋቢናውን ከሞተር ክፍል ከሚለየው ላሜራ ጋር እንዳይገናኝ፣ የካምቢዮው ማርሽ መቀየሪያ ወለሉ ላይ ባለው ቀዳዳ እንዲወጣ ያስፈልጋል። እነዚህ ሁሉ ተስማምተው ሞተሩ ያለበት ቦታ ሲታወቅ ሱፖርቱ ያንን ቦታ ለመያዝ ይመጣል። አስቀድሞ የተገዛ ሱፖርት ሞተሩን ወደማይሆን ቦታ ይጎትታል፤ ከዚያ በኋላ ኮፓ ሲቆረጥ፣ ላሜራ በመዶሻ ሲመታ ይዋላል።

ከዚህ ውጭ የሚሆነው ሁለት ጊዜ ነው። አዲሱ ሞተር ከአሮጌው ጋር አንድ ቤተሰብ ከሆነ ወይም ለዚያው ፒካፕና ለዚያው ሞተር ተብሎ የተሠራ ሙሉ ኪት ካለ አስቀድሞ መግዛት ይቻላል። ኪት ሲገዛ የትኛውን የዘይት ኮፓ፣ የትኛውን የጭስ ማኒፎልድና የትኛውን ካምቢዮ አስቦ እንደተሠራ መጠየቅ ግዴታ ነው። አንዱ ከተለወጠ ኪቱ ኪት መሆኑ ያበቃል።

ያለ ብየዳ በአሮጌው ሱፖርት ላይ የሚቀመጥ ሞተር የትኛው ነው?

ከአንድ ቤተሰብ የመጣ ሞተር ነው። በቶዮታ ሃይሉክስ ላይ 2ኤል ናፍጣ (2.4 ሊትር) ወጥቶ 3ኤል (2.8 ሊትር) ወይም 5ኤል (3.0 ሊትር) ሲገባ፣ ብሎኩ ዘመድ ስለሆነ የአሮጌው ሞተር ብራኬቶች ተነቅለው አዲሱ ላይ ይታሰራሉ። በቤንዚኖቹ በኩል 20አርና 22አር እንዲሁ ዘመዳሞች ናቸው። 1ኬዜድ ግን እንደ 5ኤል 3.0 ሊትር ናፍጣ ቢሆንም ሌላ ቤተሰብ ነው፤ ሊትሩ እኩል ስለሆነ ብራኬቱ ይገጥማል ማለት አይደለም።

በሼቭሮሌት በኩል እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው ትንሹ ብሎክ ቪ8 ከ1958 ጀምሮ በብሎኩ ጎን ሦስት የብሎን ቀዳዳ አለው። በ1965 የመጣው ትልቁ ብሎክም በዚያው በሦስት ቀዳዳ ነው የሚታሰረው። ስለዚህ ትንሹ በነበረበት ትልቁን ማስቀመጥ በሱፖርት በኩል ቀላል ነው፤ ችግሩ ክብደቱና ስፋቱ ነው። በፎርድ በኩል 302 እና 351 ዊንዘር የሚባሉት ቪ8 ሞተሮች በእያንዳንዱ ጎን ተመሳሳይ ባለሁለት ብሎን ማሰሪያ አላቸው፤ 351 ከፍና ሰፋ ስለሚል ግን ሱፖርቱ ቢገጥምም የጭስ መስመሩ ላይገጥም ይችላል።

በአንድ ቤተሰብ ውስጥም ቢሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ለሁለት ጎማ ነጂውና ለአራት ጎማ ነጂው የተሠሩት ብራኬቶች ቁመታቸው ሊለያይ ይችላል፤ ግራና ቀኙም ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ሞተሩ አውቶማቲክ ካምቢዮ ካለው መኪና ወጥቶ ከሆነም ብራኬቱን ከአሮጌው ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ነው።

ፒካፔ ከፋብሪካ በሌላ ሞተርም ይሸጥ ነበር። ይህ ይጠቅመኛል?

በጣም ይጠቅማል፤ እንዲያውም ከሁሉም በፊት የሚፈተሽ መንገድ ይህ ነው። ብዙ ፒካፕ በአንድ ዓይነት ሻንሲ ላይ ባለ4 ሲሊንደር፣ ባለ6 ሲሊንደር ወይም ቪ8 ተጭኖለት ወጥቷል። እርስዎ ሊያስገቡት ያሰቡት ሞተር ከነዚህ አንዱ ከሆነ የሻንሲው መቀመጫ፣ ጎማውና ብራኬቱ ሁሉም የፋብሪካ ቁጥር አላቸው። አንዳንዱ ሻንሲ የሌላኛው ሞተር መቀመጫ የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች ተቆፍረውለት ይገኛል። ተሻጋሪውን ብረት በሽቦ ብሩሽ አጽድተው ይዩ፤ ባዶ የቆሙ ቀዳዳዎች ከጭቃና ከቀለም ሥር ይወጣሉ።

በአሮጌ ሼቭሮሌት ፒካፕ ላይ ኤልኤስ ሞተር ለማስገባት የሚሸጠው ማስማሚያ ላሜራ ይታመናል?

ሐሳቡ ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የመጣው ኤልኤስ የሚባለው የጀነራል ሞተርስ ቪ8 ትውልድ በብሎኩ ጎን አራት ቀዳዳ አለው፤ አሮጌው ትንሽ ብሎክ ደግሞ ሦስት። ማስማሚያው በአንድ በኩል ከአራቱ ጋር ይታሰራል፣ በሌላው በኩል የአሮጌውን ባለሦስት ብሎን ሱፖርት ይቀበላል። ከዚያ በኋላ የፒካፑን ጎማና መቀመጫ እንዳለ መጠቀም ይቻላል።

ልዩነቱ ያለው ማስማሚያው ሞተሩን ምን ያህል ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ እንደሚያስቀምጥ ላይ ነው። አንዳንዱ አሮጌው ቦታ ላይ ያስቀምጣል፣ አንዳንዱ 25 ሚሊሜትር ያህል ይገፋል፣ የሚንሸራተትም አለ። አሮጌውን ካምቢዮ ከነመያዣው ባለበት ማቆየት የሚፈልግ ሰው ካምፓናው (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘው ቤት) ከብሎኩ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ የማይለውጠውን ይምረጥ። አብዛኞቹ ኤልኤሶች ላይ የክራንኩ ጀርባ ከአሮጌው ትንሽ ብሎክ 10 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ይላል፤ ይህ በቮላኖና በፍሪሲዮን በኩል የሚስተካከል እንጂ ሱፖርቱን በማንሸራተት የሚፈታ አይደለም። ሱፖርቱን ገፍተው ሊያስተካክሉት የሚሞክሩ ሰዎች የሁለት ቀን ሥራ ይጨምራሉ።

ሻጩን ምን ምን ልጠይቅ?

መጀመሪያ ሞተሩን ሲገዙ ብራኬቶቹ ከላዩ ሳይነቀሉ ይግዙ። ከፈረሰ መኪና የወጣ ሞተር ብራኬቱ ለብቻው ተሽጦበት ከሆነ በኋላ ያንኑ ብራኬት ፍለጋ መዞር ነው። ከተቻለ ሞተሩ የወጣበት መኪና ላይ ያለውን የሻንሲ መቀመጫም አብረው ያስቆርጡ፤ ባይጠቀሙበት እንኳ ለልክ ይሆናል።

በርቀት የሚገዙ ከሆነ ዕቃው ከጎኑ ማስመሪያ ተቀምጦ ፎቶ እንዲነሳ ይጠይቁ፤ አንዱ ፎቶ ፊት ለፊት፣ አንዱ ከጎን። የሚፈለገው ልክ ይህ ነው፦ ከቀዳዳ መሃል እስከ ቀዳዳ መሃል ያለው ርቀት፣ የቀዳዳው ስፋት፣ ጎማው ከታችኛው ላሜራ እስከ ላይኛው ላሜራ ያለው ቁመት፣ የብሎኑ ውፍረትና የጥርሱ ርቀት። ብዙ ጎማ ላይ ከብሎኑ አጠገብ ትንሽ ጉጥ አለ፤ ጎማው እንዳይዞር ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ነው። ያ ጉጥ በየትኛው በኩል እንዳለ ካልታየ ሁሉም ልክ ተስማምቶ ዕቃው ተጣሞ ይቀመጣል። በእጅዎ ያለውን ብራኬት ካርቶን ላይ አስቀምጠው በእርሳስ ዙሪያውንና ቀዳዳዎቹን ያንሱት፤ ካርቶኑን ይዘው ወደ መለዋወጫ ሻጭ መሄድ ከሃያ ደቂቃ ማብራሪያ ይበልጣል።

የፋብሪካ ቁጥር ከዕቃው ላይ ከተነበበ ደግሞ ሌላ ነገር አያስፈልግም።

ያገለገለ ጎማ መግዛት ይቻላል?

ብራኬትና መቀመጫ ያገለገለ ይግዙ፤ ጎማ ግን አዲስ። የተፈጥሮ ጎማ ዘይትና ናፍጣ ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ አየርና ሙቀት ደግሞ ይሰነጥቁታል። መደርደሪያ ላይ ለዓመታት የተቀመጠ አዲስም ቢሆን ያረጃል። ከዚህ በተጨማሪ አሮጌ ጎማ በክብደት ተጫጭኖ ጥቂት ሚሊሜትር ስለሚያጥር፣ በእሱ ላይ ተለክቶ የተሠራ ብራኬት አዲስ ጎማ ሲገባ ሞተሩን ከፍ ያደርገዋል፤ ፋኑ ከመከለያው ጋር የሚነካካው ብዙ ጊዜ ያን ጊዜ ነው።

ለመፈተሽ ጎማውን ብቻ ማየት አይበቃም። ከዘይት ኮፓው ሥር እንጨት ጣል አድርገው በክሪክ ሞተሩን ትንሽ ያንሱት፤ ወይም ረዘም ያለ ብረት በብራኬቱና በመቀመጫው መሃል አስገብተው ይፈንቅሉ። ጤነኛ ጎማ ይለጠጥና ይመለሳል። የሞተው ግን ከላሜራው ጋር በተጣበቀበት መስመር ላይ እንደ አፍ ይከፈታል፤ ውስጡ ብዙ ጊዜ ጥቁር ሳይሆን ግራጫ ዱቄት ወይም ዝገት ነው። ፈሳሽ ያለበት ዓይነት ከሆነ ከሥሩ የደረቀ የፈሳሽ ዱካ ይፈልጉ።

ተራ ጎማ፣ ፖሊዩሪቴን ወይስ ደረቅ ብረት?

ዕቃ ለሚጭን፣ ሰው ለሚሳፈርበት ፒካፕ ተራ ጎማ ይበቃል፤ እኔም የምመርጠው እሱን ነው። ጥንካሬው በሾር ኤ መለኪያ ሲታይ የፋብሪካ ጎማ በአብዛኛው ከ45 እስከ 65 አካባቢ ነው፤ ፖሊዩሪቴን ከ80 በላይ ይሆናል። ፖሊዩሪቴን ዘይት አይበላውም፣ ሞተሩም ብዙ አይወዛወዝም፤ ጥቃቅኑ ንዝረት ግን ሁሉ ወደ ጋቢና ይገባል። በባለ4 ሲሊንደር ናፍጣ ላይ ይህ የሚያስጠላ ነው። 3.9 ሊትሩን ከሚንስ 4ቢቲን በጠንካራ ሱፖርት ያስቀመጠ ሰው መስታወቱ ውስጥ ከኋላ የሚመጣውን መኪና መለየት ይቸገራል።

ደረቅ ብረት ለውድድር መኪና ነው። ሻንሲው መንገድ ላይ በተጠማዘዘ ቁጥር ብሎኩም አብሮ እንዲጠማዘዝ ይገደዳል።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ልመለስ። ሞተሩን ለስላሳ ጎማ ላይ አስቀምጦ ካምቢዮውን በደረቅ ብረት ማሰር ፈጽሞ አይደረግም። ሞተሩ ሲጠማዘዝ ካምቢዮው እንቢ ስለሚል ኃይሉ በሙሉ በካምቢዮው ቤትና በካምፓናው ላይ ያርፋል፤ አሉሚኒየም ከሆነ ይሰነጠቃል። የፊቱን ሲያጠነክሩ የኋላውንም ያስቡበት፤ ካልሆነም የካምቢዮው ከፊቱ የለሰለሰ ይሁን።

የሚገጥም አጣሁ። ማሠራት አለብኝ። ምን ላይ ልጠንቀቅ?

የማሠራት ጥበቡ ትንሹን ነገር ብቻ ማሠራት ነው። ጎማው ገበያ ላይ በቁጥር የሚገኝ፣ ለብዙ መኪና የሚሆን ዓይነት ይሁን፤ ብራኬቱ ከሞተሩ ጋር የመጣው የፋብሪካው ይሁን፤ የሚሠራው ሁለቱን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ብረት ብቻ ይሁን። ጎማው የሆነ ቀን መቀየሩ አይቀርም። ያን ጊዜ ሞተር ሳያወጡ፣ ብየዳ ሳይፈልጉ ጎማ ገዝተው መተካት መቻል አለብዎት። ጎማ ቆራርጦ በላሜራ መሃል የሚያጣብቅ ሰው ካገኙ አመስግነው ይለፉት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞተሩና ካምቢዮው ተገጣጥመው ይገባሉ፣ የካምቢዮው ጭራ መጀመሪያ በቦታው ይታሰራል፣ ሞተሩ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ይስተካከላል። የዘይት ኮፓው፣ የጭስ ማኒፎልዱ፣ ፋኑ፣ ዲናሞው ሁሉም በላዩ ላይ መኖር አለባቸው። ሞተር ስለሚንቀሳቀስ በዙሪያው ከ20 እስከ 25 ሚሊሜትር ክፍተት ይተውለት። በአራት ጎማ ነጂ ላይ የፊት አክስሉ ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ላይ እንደሚመጣም አይርሱ፤ ክፍተቱ የሚለካው መኪናው ቆሞ ባለበት ብቻ ከሆነ ኮፓው መጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ይመታል።

ልኩ በካርቶን ይወሰዳል፣ ከዚያ 6 ሚሊሜትር በሚሆን ላሜራ ይቆረጣል፣ በሦስት ማዕዘን ድጋፍ ይጠናከራል። ሞተሩ ባለበት በነጥብ ብቻ ይበየዳል፤ ከዚያ ሞተሩ ወጥቶ ጎማውም ተነቅሎ ሙሉው ብየዳ ይሠራል። ጎማው ባለበት የበየደ ባለሙያ ጎማውን ከላሜራው የሚያጣብቀውን ነገር አቃጥሎታል ማለት ነው፤ ዛሬ ባይታይም ይለቃል። ከመበየድ በፊት ባትሪው ይነቀል፤ ኮምፒውተር ያለው ሞተር ከሆነ የሱም ሶኬት ይነቀል።

ሻንሲው ላይ መበየድ ሳይሆን በብሎን ማሰር ከተቻለ እሱ ይመረጣል። ሻንሲው ሳጥን መሳይ ከሆነ ብሎኑ ሲጠብቅ ብረቱን ወደ ውስጥ እንዳያደቀው ቧንቧ ቆርጦ በውስጡ ማሳለፍ ያስፈልጋል። መበየድ ግድ ከሆነ ሻንሲውን ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ የሚያቋርጥ የብየዳ መስመር አይሠራ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ሞተሩ በትክክል መሃል ላይ፣ በትክክል አግድም መቀመጥ አለበት?

ሁለቱም አያስፈልግም። ፋብሪካዎች ራሳቸው ለመሪው ዘንግ ቦታ ለመተው ብዙ ጊዜ ሞተሩን ጥቂት ወደ ጎን ያስቀምጡታል። የሚያስፈልገው የክራንኩ መስመር ከሻንሲው መሃል መስመር ጋር ጎን ለጎን እኩል እየሄደ መሆኑ ነው፤ ተጣሞ መቀመጥ የለበትም።

ከፊት ወደ ኋላ ሲታይ ደግሞ ሞተሩ ወደ ኋላ 3 ዲግሪ አካባቢ ዝቅ ይላል። ካርቡራተር ያላቸው ብዙ ሞተሮች ላይ የካርቡራተሩ መቀመጫ ይህንን ታስቦ ስለተሠራ፣ ውሃ ልክ እዚያ ላይ ቢያስቀምጡ አግድም ሆኖ ማየት አለብዎት። የካምቢዮው መውጫና የዲፈረንሻሉ መግቢያ አንግል እኩል ቢሆን ጥሩ ነው፣ ከ1 ዲግሪ በላይ ባይለያዩ። ክሮቸራዎቹ (ካምቢዮውን ከዲፈረንሻሉ የሚያገናኘው ዘንግ መታጠፊያዎች) የሚሠሩበት አንግል ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ውስጥ ይሁን። ይህ ከተበላሸ በተወሰነ ፍጥነት ላይ የሚመጣ ንዝረት ይኖራል፤ ሰውም ሱፖርቱን ደጋግሞ ይቀይራል።

ብሎኑስ?

8.8 ወይም 10.9 የተጻፈበት ይሁን። የጥርሱን ርቀት ያመሳክሩ፤ ብዙ የጃፓን ሞተር ላይ ኤም10 ብሎን 1.25 ሲሆን ኤልኤስ ላይ 1.5 ነው። ሁለት ዙር በእጅ ገብቶ የሚቆም ብሎን በቁልፍ አይገፋም፤ የተበላሸ የብሎክ ጥርስ ከሱፖርቱ ሁሉ ይበልጣል። አሉሚኒየም ብሎክ ከሆነ ብሎኑ ከውፍረቱ አንድ ተኩል እጥፍ እስከ ሁለት እጥፍ ያህል ወደ ውስጥ መግባት አለበት፤ ማስማሚያ ላሜራ ሲጨመር አሮጌው ብሎን የሚያጥረው ለዚህ ነው።

ጎማው ቢበጠስ ምን ይመጣል?

ፊት ለፊት ቆመው ሲያዩት በሰዓት አቅጣጫ የሚዞር ሞተር ነዳጅ ሲሰጠው በግራ ጎኑ ይነሳል (ግራ የምለው ጋቢና ውስጥ ወደ ፊት ተቀምጠው ሲያዩት ነው)፤ የግራው ጎማ ይሳባል፣ የቀኙ ይጨፈለቃል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው የግራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ጀነራል ሞተርስ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሼቭሮሌት መኪኖችን ቀላል ጭነት መኪናዎችን ጨምሮ በዚሁ ምክንያት ጠርቷል፤ ጎማው ሲበጠስ ሞተሩ ተነስቶ የነዳጅ መስጫውን ሊጎትትና ክፍት አድርጎ ሊይዘው ይችል ነበር። መፍትሔው ሞተሩ እንዳይነሳ የሚይዝ የብረት ገመድ ማሰር ነበር።

ሱፖርት ሲመርጡ ወይም ሲያሠሩ አንድ ነገር ያስቡ፦ ጎማው ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ ሞተሩን ምን ይይዘዋል? ረጅም ብሎን በጎማው መሃል አልፎ ከሁለቱም ብረት ጋር የሚያያዝበት ወይም ሁለቱ ላሜራዎች እርስ በርስ የሚቆላለፉበት ዓይነት ጎማው ቢያልቅም ሞተሩን አይለቅም።

ገጠምኩት፣ ቆሞ ሲሠራ ግን ጋቢናው ይንቀጠቀጣል።

ሱፖርቱን ከመክሰስ በፊት የጭስ ቧንቧው ሻንሲውን ወይም ወለሉን የነካበት ቦታ ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ካልሆነ የሦስቱንም ሱፖርት ዳዶዎች ትንሽ ላላ አድርገው፣ ሳይፈቱ፣ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ ቆሞ ያሠሩት፤ በራሱ ቦታ ይቀመጣል። አጥፍተው መልሰው ያጥብቁ። ቀዳዳው ሳይገጥም በግድ ተስቦ የታሰረ ጎማ ሲታሰር ጀምሮ የተጠማዘዘ ስለሆነ ንዝረት ያስተላልፋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚረሳ ነገር አለ?

የምድር ሽቦው። ጎማው ሞተሩን ከሻንሲው ስለሚለየው ኤሌክትሪክም ይለያል። በሞተሩና በሻንሲው መሃል ወፍራም ሽቦ ካልታሰረ ሞተር ሲነሳ ኃይሉ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የነዳጅ ፔዳሉን የብረት ገመድ ነው። ገመዱ ይሞቃል፣ ሽፋኑ ይቀልጣል፣ ከዚያ ተጣብቆ አልንቀሳቀስ ይላል። ሽቦው ሞተሩ ሲወዛወዝ እንዳይበጠስ ትንሽ ላላ ብሎ ይታሰር፤ ከሥሩ ያለው ቀለምም ተፍቆ ንጹህ ብረት ይታይ።